ባለ ምላጩ ሾፌርና የገሳይ ዋግምት

ደብረ ታቦር መናኸሪያ ሄዳችሁ «ባለ ምላጩ ሾፌር ማን ነው?» ብላችሁ ብትጠይቁ፣ ከትኬት ቆራጩ እስከ ሊስትሮው ድረስ ሳይስቅ የሚመልስላችሁ አታገኙም። ስሙ ዋልልኝ ነው። የሱዳን መንገድ ክፍት በነበረበት ጊዜ፣ በ2009 እና በ2010 ዓ.ም. ገደማ፣ በአይሱዙ መኪናው የጋይንትን ባቄላ እየጫነ መተማን ተሻግሮ ገዳሪፍ ድረስ ይመላለስ ነበር። ሌላው ሾፌር ለጉዞ ሲነሣ ጎማውንና ዘይቱን ያያል። ዋልልኝ መጀመሪያ የሚያየው አንዲት ዚፕ ያላት የቆዳ ቦርሳ ነበረች። በውስጧ የራሱ ምላጭ፣ የራሱ ጥፍር መቁረጫ፣ የራሱ የጥርስ ብሩሽ፣ ማበጠሪያ ሳይቀር አለ። ማበጠሪያው ምን እንደሚሠራለት እሱም አያውቅም፤ ከግንባሩ እስከ አናቱ መላጣ ነው።

ይህ ጥንቃቄ የመጣው ከመተማ ነው። አንድ ቀን ጉምሩክ ወረፋ ሲጠብቁ የጤና ባለሙያዎች መጥተው ሾፌሮቹን ዛፍ ጥላ ሥር ሰብስበው ስለ ሔፓታይተስ ቢ፣ ስለዚያ ጉበትን ስለሚያጠቃው ቫይረስ አስተማሯቸው። በደም ይተላለፋል፤ በግብረ ሥጋ ግንኙነት ይተላለፋል፤ እናት በወሊድ ለልጇ ታስተላልፋለች፤ መንገደኛ ሰው የሌላ ሰው ምላጭና መርፌ አይንካ፤ ከጉዞ በፊት ክትባት ቢወስድ ደግሞ ይመረጣል፤ የያዘው ሰው በመልኩ አይታወቅም፤ ይህን ሁሉ ነገሯቸው። ሌሎቹ ሾፌሮች ግማሾቹ እያንቀላፉ፣ ግማሾቹ ጫታቸውን እየቀነጠቡ ነበር። ዋልልኝ ግን አፉን ከፍቶ አዳመጠ። ይኹን እንጂ የሰማው የሚፈልገውን ብቻ ነው። «መንገደኛ» ሲሉ ሰማና በሽታው ውጭ አገር የሚኖር፣ ድንበሩን ሲሻገሩ ጠብቆ የሚይዝ አድርጎ ቆጠረው። ክትባት ያሉትንማ የሕፃናት ጉዳይ ነው ብሎ አለፈው።

ከዚያ በኋላ ገዳሪፍ ያሉት ጸጉር አስተካካዮች ፍዳቸውን አዩ። ዋልልኝ ወንበሩ ላይ ይቀመጥና ሰውየው ምላጭ ሲያነሣ እጁን ከፍ ያደርጋል። የራሱን ምላጭ ከቦርሳው አውጥቶ፣ ወረቀቱን በራሱ እጅ ልጦ ይሰጠዋል። አንዱ አስተካካይ ሐበሻ ደንበኛ የለመደ ነበርና በተሰባበረ አማርኛ «እኔ ሰው አይደለም?» አለው ተቀይሞ። ዋልልኝም «ሰው ነህ እንጂ። ሰው ስለሆንክ እኮ ነው» አለው። አንዴም ወባ ጥሎት ክሊኒክ ሲገባ፣ በትኩሳት እየተንቀጠቀጠ፣ የመርፌውን ማሸጊያ ወደ መብራት ከፍ አድርጌ ካላየሁ አልወጋም ብሎ ነርሱን አስለቅሶታል። ደብረ ታቦር ሲመለስ ይህን ሁሉ እንደ ጀብዱ ያወራዋል። «ውጭ አገር ማለት ጥንቃቄ ነው» ይላል። አነጋገሩ ዓለምን የዞረ ሰው ያስመስለዋል እንጂ፣ ያየው ውጭ አገር ገዳሪፍና ከገዳሪፍ መለስ ያለው በረሃ ብቻ ነው።

እንግዲህ ጉዱ እዚህ ላይ ነው። ይኸው ጠንቃቃ ሰው፣ መተማ ወደ ምዕራብ ሆና ሳለ፣ ጉዞ በጀመረ ቁጥር መኪናውን መጀመሪያ ወደ ምሥራቅ ያዞራል። ባቄላውን የሚጭነው ከገሳይ ወዲያ ነውና ለዚህስ ምክንያት አለው። ነገር ግን ጭኖ ከጨረሰ በኋላ ገሳይ ላይ መኪናውን ከመንገድ ዳር አቁሞ ወደ አያ ሙላቴ ግቢ ይገባል። ለምን ቢሉ፣ ዋግምት ሊታገም።

አያ ሙላቴ የዋልልኝን አባትም ያገሙ ሽማግሌ ናቸው። የበሬውን ቀንድ ከሰውየው ጀርባ ላይ ደፍተው፣ በጫፉ አየሩን መጥጠው፣ ቀዳዳውን በሰም ይደፍኑታል። ቆዳው ሲያብጥ ቀንዱን አንሥተው በምላጭ ይበጡትና መልሰው ይደፉበታል፤ የጠቆረው ደም ይወርዳል። ዋልልኝ ያደገበት የገሳይ ቀዬ ሰው ደገኛ ወደ ቆላ ሲወርድ ደሙ ይከብደዋል፣ የከበደ ደም ደግሞ በሽታ ይጠራል ይላል። ዋልልኝ በዚህ ላይ የመተማውን ትምህርት ጨመረበት። በሽታው የሚገባው በደም ከሆነ አሮጌውን ደም አስቀድሞ ማስወጣት ነው፤ ያኔ በሽታው ቢመጣም የሚያርፍበት አያገኝም። ይህን የመሰለ ብልሃት በራሱ ማግኘቱ በጣም ያኮራው ነበር።

እሑድ እሑድ ቅዳሴ ሲወጣ አያ ሙላቴ ግቢ ሰው ይሰበሰባል። ቀንዱ ብዙ ነው፤ ምላጩ ግን አንድ ነው። አረቄ በነካው ጨርቅ ጠረግ ይደረግና ከአንዱ ጀርባ ወደ ሌላው ይሄዳል። ይህን ያህል ጎረቤት በተሰበሰበበት «ለእኔ አዲስ ምላጭ» ማለት ከእኔ በፊት የተነሣውን ሰው ተጠየፍኩት ማለት ነው። አብሮ ማኅበር ከሚጠጣ፣ አብሮ ቀብር ከሚወጣ ሰው ጋር ማን እንዲህ ይነጋገራል? የገዳሪፉ ጸጉር አስተካካይ ቢቀየም ዋልልኝን ምን ገዶት! አያ ሙላቴ ፊት ግን ይሉኝታ አለ። ያቺ የቆዳ ቦርሳ ከነምላጮቿ መኪናው ውስጥ ቁጭ ብላ፣ ዋልልኝ ሸሚዙን አውልቆ በጎረቤቶቹ ምላጭ ይበጣል። ከዚያ ሸሚዙን ይለብስና ራሱን ከበሽታ ሊጠብቅ ወደ ሱዳን ይነዳል።

አንድ ጊዜ ከመንገድ ሲመለስ ከተማ ውስጥ የደም ልገሳ ድንኳን ተተክሎ አገኘ። ዋልልኝ እንዲህ ያለ ነገር አያመልጠውም። «በቅርብ ጊዜ የተነቀስህበት ወይም የተበጣህበት ጊዜ አለ?» ብለው ሲጠይቁት «ኧረ ወዲያ! እኔ?» አለ። ዋግምቱን ከመድኃኒት እንጂ ከመበጣት አልቆጠረውም። እንዲያውም ደሙን ለምትቀዳው ልጅ «እህቴ፣ የእኔን ለብቻው አስቀምጪው፤ የተጣራ ነው» አላት።

ጥቂት ሰንብቶ ስልክ ተደወለ። ስለለገሱት ደም ልናነጋግርዎ ስለምንፈልግ ብቅ ይበሉ አሉት። ዋልልኝ ወዲያው ገባው፤ ሊሸልሙት ነው። ደሙን አይተው ተደንቀዋል ማለት ነው። ባለቤቱ ማሬ የሠርጉን ሱፍ ተኩሳ ሰጠችው። ከቤት ሲወጣ ጎረቤት ሁሉ «ወዴት ነው እንዲህ አምሮብህ?» ሲለው «የምስክር ወረቀት ቢጤ ሊሰጡኝ ነው መሰለኝ» እያለ አለፈ። ባጃጅ ላይ ሆኖም ፎቶ ሲያነሡት ኮፍያውን ያድርግ ወይስ ያውልቅ እያለ ሲያስብ ነበር።

የተቀበለችው ሲስተር አዲስዓለም የምትባል ነርስ ናት። አስገባችውና በሩን ዘጋች። ሽልማት በር ተዘግቶ ሲሰጥ ዋልልኝ አይቶ አያውቅም።

«አቶ ዋልልኝ፣ የለገሱት ደም ሲመረመር ሔፓታይተስ ቢ የሚባለው የጉበት ቫይረስ ታይቶበታል» አለችው ረጋ ብላ። «ለማረጋገጥ ዛሬ እንደገና እናየዋለን።»

«የማን ደም?»

«የእርስዎ።»

«ከሰው ተቀላቅሎ ይሆናል፣ ሲስተር። የእኔ እኮ የተጣራ ነው።»

እንደገና ተመረመረ። ያው ነው። ዋልልኝ ከወንበሩ ተነሥቶ ሱዳንን መራገም ያዘ። ያን ጸጉር አስተካካይ፣ ያን ነርስ፣ ያን በረሃ አንድ በአንድ ጠራቸው። ሲስተር አዲስዓለም እስኪጨርስ ጠበቀችውና እዚያ ምን ምን እንደነካው ጠየቀችው። ዋልልኝም ያን የጀብዱ ታሪኩን ዘረዘረ፤ ቦርሳውን፣ ምላጩን፣ ወደ መብራት ከፍ ያደረገውን ማሸጊያ፣ መተማ ላይ ሴት ቀና ብሎ አለማየቱን።

«በጣም ጥሩ አድርገዋል» አለችው። «እዚህ አገርስ?»

«እዚህማ ቤቴ ነው።»

«ምላጭ አይነካዎትም?»

«በፍጹም! ዋግምት ካልሆነ በቀር።»

ቃሉ ከአፉ ሲወጣ ገና ያኔ ራሱን ሰማው። ሲስተር አዲስዓለም አልሳቀችም። ብትስቅለት ይሻለው ነበር። መቼ እንደያዘው በእርግጠኝነት ማወቅ እንደማይቻል ነገረችው። ከእናቱ በወሊድ ሊሆን ይችላል፤ በልጅነቱ በነካው ምላጭ ሊሆን ይችላል፤ በዋግምቱም ሊሆን ይችላል። ብዙ ሰው ምንም ሳያመው ለዓመታት ተሸክሞት እንደሚኖር፣ አሁን የሚያስፈልገው ክትትል እንደሆነ፣ አረቄ የሚባል ነገር እንዲተው፣ አብሮ በመብላትና በመጨባበጥ እንደማይተላለፍ አስረዳችው። ዋልልኝ እጅጌውን ሰብስቦ «እንግዲያው ያን ክትባት የምትሉትን አሁኑኑ ውጉኝ» አላት።

«ክትባቱ ላልያዘው ሰው ነው፣ አቶ ዋልልኝ።»

«ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ነዋ» አለ ለራሱ፣ የሱፉን እጅጌ እየመለሰ።

«ባለቤት አለዎት?»

ዋልልኝ እስከዚህ ድረስ የፈራው ለራሱ ነበር። አሁን ግን የሱፉን ቁልፍ እየፈታ እየቆለፈ ነገራት። ማሬ የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ናት።

«እንግዲያው ይዘዋት ይምጡ፤ አይዘግዩ» አለች ሲስተር አዲስዓለም። «ከያዛት በወሊድ ጊዜ ወደ ልጁ ሊተላለፍ ይችላል። አስቀድመን ካወቅን ግን ለልጁ የምናደርግለት ነገር አለ።»

ደፋር ሰው ቢሆን ኖሮ ያን ዕለት ለማሬ ይነግራት ነበር። ዋልልኝ ግን ለባዕድ አገር ሰው እንጂ ለቤቱ ሰው ደፋር አልነበረም። ሳህኑን ለየ። ብርጭቆውን ለየ። ነርሷ በመብላት አይተላለፍም ብላው ሳለ ማሬ ስታጎርሰው አፉን ያዞር ጀመር። በአንጻሩ የሚያስፈልገውን፣ እሷን ወደ ሐኪም መውሰዱን፣ ነገ ነገ እያለ ያሳድረዋል። ማታ ማታ «መኪናውን ልጠብቅ» ብሎ ጋቢናው ውስጥ ይተኛል። ጎረቤት «ሽልማቱስ?» ሲለው «በፖስታ ይልኩታል» ይላል። ጋቢና ውስጥ ተጣጥፎ ተኝቶ፣ በሱዳን በኩል ያሰለፈውን የምላጭና የቦርሳ ጥበቃ ሁሉ እያሰበ በራሱ ይስቃል፤ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ! ከዚያ ልጁ ትዝ ይለውና ሳቁ ይጠፋበታል።

ማሬ ኳታር ሠርታ የተመለሰች፣ ነገር ቶሎ የሚገባት ሴት ናት። አንድ ጠዋት ሳህኑን ለይቶ ሲያነሣ እጁን ያዘችው።

«ሱፉን ለብሰህ የሄድከው ሌላ ሚስት ልታገባ ነው እንዴ? መተማ ያለችው ናት ወይስ የጎንደሯ?»

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም። ዋልልኝ ቆሞ ሳህኑን እንደያዘ ሁሉንም ነገራት። ማሬ ቀስ ብላ ተቀመጠች፤ እጇ ወደ ሆዷ ሄደ። «መቼ ነው የሰማኸው?» አለችው።

«ሐሙስ።»

«ዛሬ ማክሰኞ ነው።»

«አውቃለሁ።»

«ከሐሙስ ጀምረህ ሳህን ትለያለህ፣ ለልጄ ግን አትናገርለትም?» ሳህኑን ከእጁ ነጠቀችው። «ጉርሻዬን ስትመልስ ምን እንዳሰብኩ ታውቃለህ? ተነሥ፣ እንሂድ!»

ዋልልኝ ከዚህ የበለጠ ዱላ ቀምሶ አያውቅም። ነጠላዋን ሰጣት፤ ባጃጅ ለማቆምም መንገዱ ድረስ ሮጠ።

ሲስተር አዲስዓለም የማሬን ደም ቀዳች። «ክትባት ወስደሽ ታውቂያለሽ?» ብትላት ማሬ ግንባሯን ቋጥራ አሰበች። ኳታር ከመሄዷ በፊት አዲስ አበባ ሳለች ክንዷን ደጋግመው መወጋቷን ታስታውሳለች፤ ለምን እንደሆነ ግን እርግጠኛ አይደለችም፤ ወረቀቱንም ኳታር ጥላው መጥታለች። ነርሷ «እንግዲህ ደምሽ ይነግረናል» አለች። ናሙናው ባሕር ዳር ተላከ።

ውጤቱ እስኪመጣ ዋልልኝ ቤት መቀመጥ አልሆነለትም። እሑድ ሲደርስ ገሳይ ሄደ። አያ ሙላቴ ግቢ አንድ ገበሬ ጀርባውን ገልጦ ተደፍቷል፤ ምላጩም ወጥቷል። ዋልልኝ ለሰላምታ እንኳ አልቆመም።

«አያ ሙላቴ፣ ይቅር ይበሉኝ፤ ያን ምላጭ ያስቀምጡልኝ።»

«ምነው የኔ ልጅ? ወረፋ ቸኮልህ?»

«አልታገምም። ደሜ ውስጥ የጉበት በሽታ ተገኝቷል። ከማን እንደያዘኝ አላውቅም፤ ለማን እንዳስተላለፍኩም አላውቅም። እዚህ የታገመ ሰው ሁሉ ቢመረመር ነው የሚሻለው።»

የተደፋው ገበሬ ብድግ ብሎ ሸሚዙን ፈለገ። ዋልልኝ በሕይወቱ እንደዚያ ዕለት አፍሮ አያውቅም። ጎረቤቶቹ ግን የጠበቀውን ያህል አላዋረዱትም። አንዱ ብቻ «አንተ ሱዳን ምላጭ ይዘህ ትሄዳለህ ሲሉ ሰምተን ነበር፤ እዚህ ምነው አላመጣኸው?» አለው። ጥያቄው እውነተኛ ነው፤ ሰውየው ማወቅ ፈልጎ ነው የጠየቀው።

«እናንተን እንዳላስቀይም» አለ ዋልልኝ።

አያ ሙላቴ ምላጩን በጨርቅ ጠቅልለው አስቀመጡት። ፊታቸው ጠቁሯል። «ስንቱን ያዳንኩ መስሎኝ» አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ። ከዚያ «እኔንም ይዘኸኝ ትሄዳለህ?» ብለው በትራቸውን ፈለጉ። ዋልልኝ ጋቢና ውስጥ አጠገቡ አስቀምጧቸው ወደ ከተማ ተመለሰ።

ውጤቱ የመጣ ዕለት ዋልልኝ ሱፉን አልለበሰም። ከማሬ ጎን አግዳሚው ላይ ተቀምጦ እግሩን ማርገብገብ ጀመረ። ማሬ ጉልበቱን በእጇ ያዘችለት። ሲስተር አዲስዓለም ጠርታ አስገባቻቸው፤ በዚህ ጊዜም በሩን ዘጋች። ዋልልኝ በሩ ሲዘጋ ዓይኑን ጨፈነ።

«ማሬ፣ አልያዘሽም» አለች። «ይበልጥ ደስ የሚለው ደግሞ የክትባቱ መከላከያ ደምሽ ውስጥ ጠንክሮ ይታያል። አዲስ አበባ የወሰድሽው የሔፓታይተስ ቢ ክትባት ነበር ማለት ነው። ሦስቱንም ጨርሰሻል?»

ማሬ አሁን አስታወሰች። ከጉዞ በፊት ምርመራ ያደረገላት ሐኪም «ውጭ አገር የምትሄዱ ሴቶች ይህን ብትወስዱ ጥሩ ነው፤ በግማሽ ዓመት ውስጥ ሦስት ጊዜ ነው» ብሎ ነበር። አብረዋት የነበሩት ልጆች ለሦስተኛው ማን ይጠብቃል ብለው ትተውት ሄዱ። የእሷ ቪዛ ግን ዘገየ። አክስቷ ቤት ሥራ ፈትታ ከመቀመጥ ብላ ሦስቱንም ተወጋች። ኳታር ስትደርስ የሠራችበት ቤት ሰዎች ደግ ነበሩ፤ መርፌም ምላጭም ሳይነካት ሠርታ ተመለሰች። ለከንቱ ክንዴን አሳመምኩ ብላ ረስታው ነበር።

«ልጁስ?» አለ ዋልልኝ ዓይኑን ገልጦ።

«እናቱ ስላልያዛት በወሊድ ከእሷ የሚደርስበት ነገር የለም። ሲወለድ እሱም በጊዜው ይከተባል። እርስዎ ክትትልዎን አያቋርጡ፤ ምላጭዎን ደግሞ ለማንም አያውሱ።»

ዋልልኝ ምላጩን ለማንም አውሶ እንደማያውቅ ሊናገር ከጀመረ በኋላ ተወው። ወጥተው ግቢው ውስጥ ፀሐይ ላይ ተቀመጡ። ሊስቅ ፈለገ፤ እንባው ቀደመው። ማሬ በነጠላዋ ጫፍ ፊቱን ጠረገችለት፤ ከዚያ ሐሙስ ወዲህ እንዲህ ስትቀርበው ፊቱን ሳያዞር የቆየው ገና አሁን ነው።

«ከውጭ አገር በሽታ ልትጠበቂ ተከተብሽ» አላት፣ «ያዳነሽ ግን ከባልሽ ነው። ውጭ አገር የተባልኩት እኔ ነኝ ለካ።»

«ያኔ እኮ አላውቅህም።»

«ብታውቂኝስ ኖሮ?»

ማሬ ሆዷን ደግፋ ከአግዳሚው እየተነሣች ሳቀች።

«ባውቅህማ» አለችው፣ «አራተኛም እጨምር ነበር።»